የማስተር ኦዳርቴ ቋጠሮ

ማስተር ኦዳርቴ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ቀኝ እጁ ለኮምፒውተር ኮረንቲ በሚያቀብለው የብረት ሣጥን፣ ክዳኑ በተነሣ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ገብቷል። የፓወር ሰፕላዩ ገመድ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ተሰክቷል፤ ከጎኑ ደግሞ ሆዱ የተከፈተ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ቆሟል። ከሰርክል ገበያ ጀርባ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር በሚሸጥባትና በሚጠገንባት ጠባብ መተላለፊያ፣ ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ኮረንቲ ያዘው!»

ኢንስፔክተር አጄሌ ኳርቴ ስትደርስ ሳጅን ኢሳካ ሥራውን የጨረሰ ሰው ፊት ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ማዳም፣ በከንቱ ለፉ። አደጋ ነው። ጥፋተኛው ግን አለ። ይህን የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ያመጣው ሴሎርም አግቤኮ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ኮምፒውተሩም የሱ ነው። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ‹ታያለህ!› ብሎት ነው የወጣው። ስምንት ተኩል ላይ ተመልሶ ሲመጣ ካቴና አጠለቅሁለት። ነገ ስድስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ፈጣን ነህ» አለችው አጄሌ። ሳጅኑ እንደ ምስጋና ቆጠረው።

አጄሌ በቴሺ የባሕር ዳርቻ ከአባቷ ጀልባ ሥር ያደገች የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ስትራመድ አትቸኩልም፤ ስታይ ግን የሚያመልጣት ነገር ጥቂት ነው። ሬሳውን ሳትነካ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጣቶቹ ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። አንገቱ ላይ የላብ መጥረጊያ ፎጣ ጣል አድርጓል። ፎጣውን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ መስመር አንገቱን ከብቦ አየች። ከዚያ የዓይኑን ሽፋን ከፈተች። ነጩ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የደቀቁ የደም ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ኢሳካ፣ ኮረንቲ አንገት ያንቃል?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው እፎይታ ጠፋ።

«ታንቋል። ከዚያ በኋላ ነው ይህ ሁሉ የተዘጋጀው» አለች።

ከፓወር ሰፕላዩ የወጣው ሰፊ መሰኪያ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ በሚሰኩበት ማዘርቦርድ ላይ ተገፍቷል። ፓወር ሰፕላዩ አጠገብ አንድ ጥቅል አረንጓዴ ሲባጎ አለ። ከሱ ፈንጠር ብሎ፣ ሽቦዎቹን አስሮ የነበረ አጭር ቁራጭ ሲባጎ ወድቋል። ቋጠሮው እንዳለ ነው፤ ሲባጎው ግን ሌላ ቦታ ላይ በስለት ተቆርጧል። አጄሌ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በወረቀት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሟቹ ሚስት ናአ ኮርኮይ ከሱቁ ሃያ እርምጃ ርቃ ኬንኬ የሚባል የበቆሎ ሙልሙልና የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ምሳውን ይዛለት ስትገባ ያገኘችው እሷ ነች። አሁን ድስቱ ላይ ዘይቱ እየተቃጠለ ነው፤ የሚያወርደው የለም። አጄሌ ራሷ አወረደችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ በዚህ ሰዓት ስለምጠይቅሽ ይቅር በይኝ። በምሳ ሰዓት ማን ሲገባ አየሽ?»

«ምን አያለሁ? ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ገበያተኛው ፊቴ ተገትሮ! ዞር የምልበትስ ጊዜ የት አግኝቼ?» ናአ ኮርኮይ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። «ግን ኮረንቲ ነው የሚሉት ውሸት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። እሱ ዕቃ ሲከፍት መጀመሪያ ገመዱን ይነቅልና አንገቱ ላይ ያጠልቀዋል። ‹ገመዱ አንገቴ ላይ እስካለ ድረስ ማንም እብድ መጥቶ አይሰካብኝም› ይላል። እኔ ደግሞ ‹ልክ እንደ ፍየል!› እያልኩ እስቅበታለሁ።»

አሁንም ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ።

አጄሌ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ገዳዩ ከየትም መሣሪያ መፈለግ እንዳላስፈለገው አሁን ገባት። ሰውዬው ራሱን ለመጠበቅ አንገቱ ላይ፣ ከፎጣው በላይ ባጠለቀው ገመድ ነው የታነቀው፤ እጆቹ ብረቱ ውስጥ ስለነበሩ መታገያ ጊዜ እንኳ አላገኘም። ነገሩ አናደዳት።

«ይህ ሲባጎስ?» ስትል ወረቀቱን ፈታች።

«የመረብ ሲባጎ ነው። አባቱ ቾርኮር ባሕር ዳር መረብ ጠጋኝ ነበሩ፤ የእኔም አባት እንደዚያው። እሱም የኮምፒውተር ሽቦ የሚያስረው በነሱ ቋጠሮ ነው፤ እንደ ሌላው በፕላስቲክ አያስርም። ሰማያዊው አለቀብኝ ስላለኝ አረንጓዴውን ዛሬ ጠዋት ገዛሁለት።»

«ጠላት ነበረው?»

«እሱ? የሚያስቆዝመው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ለሆነ ሰው ኮምፒውተር ይሠራል። ለማን እንደሆነ ስጠይቀው ‹ቃል ገብቻለሁ› ይላል። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ ሠርተፊኬት ለሌለው ማን አምኖ ውድ ኮምፒውተር ያሠራል እያለ ያፍር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ‹በቃኝ!› አለ። ‹ከሴሎርም ኮምፒውተር ጀምሮ የምሠራው በራሴ ስም ነው› ብሎ ሰሌዳ አሠራ። ያውልሽ፣ ከበሩ ጀርባ። ቀለሙ እንኳ አልደረቀም።»

ሰሌዳው ላይ በትልልቁ «ኦዳርቴ» ይላል፤ ከሥሩ «ለአሮጌ ኮምፒውተርዎ አዲስ ጉልበት»።

ሴሎርም ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«‹ታያለህ› ያልከው ምኑን ነው?» አለችው አጄሌ።

«ውድድሩን ነዋ ማዳም! በሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ የጌም ውድድር አለ። ማስተር ‹በዚህ የጸሐፊ ኮምፒውተር ማንን ልታሸንፍ ነው?› እያለ ሲያበሽቀኝ ‹ታያለህ!› አልኩት። ሁሌም እንዲህ ነን እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጢም እየላጨሁ ያጠራቀምኩት ነው። መጀመሪያ ራም ጨመረልኝ። ከዚያ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ፈልጎ አገኘልኝ። የድሮው ፓወር ሰፕላይ ካርዱን ስለማይሸከም የቀረን እሱን መቀየር ነበር።»

«ጭቅጭቁስ?»

«ፓወር ሰፕላዩን ሳልጠይቀው ገዛሁ። እነዚህ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ መሰኪያቸው ለብቻው ነው። የእኔ ማዘርቦርድ ስምንት እሾህ ነው ያለው፤ የገዛሁት ደግሞ ሃያ አራት ቀዳዳ። ‹መቀየሪያ ገመድ ሳይኖር አይገባም፤ ሳትጠይቀኝ ምን አጣደፈህ?› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ‹ገንዘቤ አልቋል፣ ምን ላድርግ!› ብዬ ጮህኩ። በኋላ ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና ‹ሂድ፣ ማኮላ ገበያ ወርደህ ግዛ፤ እስክትመጣ የፓወር ሰፕላዩን አቧራ ላራግፍ› አለኝ። ገዝቼ ስመለስ ነው የያዙኝ።»

«መቀየሪያ ገመዱ የታለ?»

ሴሎርም በዓይኑ ሳጅኑን አመለከተ። ኢሳካ ጉሮሮውን ጠራረገና ከመሳቢያው የእስረኛውን ዕቃ አወጣ፤ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተቀደደ መቀየሪያ ገመድ።

«እኔ ግን ያ ሰፊ መሰኪያ ማዘርቦርዱ ላይ ተገፍቶ አየሁት» አለች አጄሌ።

«አይገባማ!»

«በግድ ነው የተገፋው። ጥርሱ ተሰብሯል።»

ልጁ መታሰሩን ረስቶ ብድግ አለ። «ማነው ይህን ያደረገ ደንቆሮ? ማስተር ቢሆን በጥፊ ነበር የሚለው!»

የኢንጂነር አዶማኮ ሱቅ ከኦዳርቴ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ሰውዬው ከኩማሲ ከተማ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። በሩ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፍሬም የተሰቀለ ሠርተፊኬት፣ መደርደሪያው ላይ ቀይና ሐምራዊ መብራት የሚረጩ ኮምፒውተሮች። ከተጣሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች በትንሽ ገንዘብ እሳት የሚተፋ የጌም ማሽን ያወጣል ተብሎ በከተማው ወጣቶች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። ለአጄሌ ወንበር ሳበላት፤ ቀዝቃዛ ውኃም አቀረበ።

«ነፍሱን ይማር፤ እጁ ደህና ነበር» አለ። «ትምህርት የለውም እንጂ። ነገር ሲወሳሰብበት ወደ እኔ ነበር የሚሮጠው።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። በሩን ዘግቼ ስገጣጥም ነበር። አንድ የጌም ቤት አሥራ ሁለት ማሽን አዞኛል፤ እረፍት የለኝም።»

«ሁሉንም በራስዎ እጅ?»

«በእነዚህ በአሥሩ ጣቶቼ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ለስላሳ እጅ ነው፤ ጥፍሩ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ አንዲት ጭረት የለበትም። የኦዳርቴ ጣቶች ግን በኬዝ ብረት ጠርዝ ተሸነታትረው ነበር።

አጄሌ ውኃዋን እየጠጣች ወደ መደርደሪያው ዞረች። በአንደኛው ኮምፒውተር የመስታወት ጎን በኩል ሽቦዎቹ አንድ ላይ ተሰብስበው በሰማያዊ ሲባጎ ታስረዋል።

«ሥራዎ ጥንቁቅ ነው» አለችው።

«ስም በዋዛ አይገኝም ማዳም» አለ አዶማኮ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም አመሻሹ ላይ ደውሎ መታነቁን አረጋገጠ። ሳጅን ኢሳካ ይህን ሲሰማ አዲስ ሐሳብ መጣለት።

«ማዳም፣ እንግዲህ ጨረስን! ገዳዩ ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ነው፤ አለዚያ የማይገባውን በግድ አይገፋም። ሴሎርም ያውቃል። ኢንጂነሩማ ማንም የማይደርስበት አዋቂ ነው። ማን ቀረ? ባሏ እሑድ እሑድ ለማን እንደሚሠራ የማይነግራት ሴት። ቅናት ነው። ልጁን ለቅቄ ነገ እሷን ላቅርብ?»

 ነገሩ ልክ ይመስላል፤ አጄሌን ያስፈራትም ይኸው ነው። እሷ ዝም ካለች ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወይ ወንጀል የሌለበት ልጅ፣ ወይ ባሏን ያልቀበረች ሴት ዳኛ ፊት ይቆማሉ።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰብስብልኝ። ሴሎርምን ከነመቀየሪያ ገመዱ አምጣው። ኢንጂነሩን ደግሞ እንደ ባለሙያ እንዲያግዘን እንደምፈልገው ንገረው። ከሚሸጣቸው ማሽኖች አንዱን ይዞ ይምጣ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ጠባቧ ሱቅ ውስጥ አምስት ሰዎች ቆሙ። ናአ ኮርኮይ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ፣ ሴሎርም በካቴና፣ ኢሳካ ከጀርባው። አዶማኮ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና ሸሚዙን አስተካከለ። መተላለፊያው ላይ የሠፈሩ ነጋዴ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቆሟል።

«ኢንጂነር፣ እኛ መሃይሞች ነን» ስትል ጀመረች አጄሌ። «ጤነኛ አሠራር ምን እንደሚመስል ያሳዩን። ይህን ማሽን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ሽቦዎቹንም ያሰሩት?»

«ሌላ ማን ያስርልኛል?»

«እንግዲያው ክዳኑን ይክፈቱና ዋናውን መሰኪያ ከእስሩ ለይተው ያሳዩን።»

አዶማኮ ክዳኑን ከፈተ። ሰማያዊውን ቋጠሮ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው፤ አልላላለትም። ከኪሱ ሴንጢ አወጣ፤ ሲባጎውን በአንድ ምት ቆረጠና መሰኪያውን ፈገግ ብሎ ከፍ አድርጎ አሳየ።

አጄሌ ሴንጢውን ከእጁ በቀስታ ተቀበለችውና በወረቀት ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ናአ ኮርኮይ፣ ከሥሩ ሌላ እስር አለ። ፍቺልኝ።»

ሴትዮዋ ቀረብ አለች። አጭሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ቋጠሮው ያለ አንዳች ድምፅ ተፈታ።

«የመረብ ቋጠሮ ነው» አለች አጄሌ። «እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ፤ ትናንት እንዳየሁት አውቄዋለሁ። ያሰረው ሰው አይቆርጠውም፤ ሲባጎ ይባክናል። ኢንጂነር፣ የራስዎን ቋጠሮ መፍታት እንዴት አቃተዎት?»

«ቸ… ቸኩዬ ነው» አለ አዶማኮ።

«ይሁን። ይህን ደግሞ እንይ።» የሴሎርምን ፓወር ሰፕላይ ሰፊ መሰኪያ አነሣችና ሰጠችው። «ኦዳርቴ ምን ሊያደርግ እንደነበር አሳዩን። እዚህ ማዘርቦርድ ላይ ይሰኩልኝ።»

 አዶማኮ ጎንበስ ብሎ መሰኪያውን ከእሾሁ ጋር ገጠመው። አልገባም። አገላበጠው። አልገባም። በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ፕላስቲኩ ቀጭ አለ።

«አይገባም!» ብሎ ጮኸ ሴሎርም። «አምላኬ! ይህን እኮ ጌም ቤት የሚውል ሕፃን ያውቀዋል!»

ከውጭ የቆመው ሕዝብ ጉርምርምታ ሞላው። የአዶማኮ ግንባር በላብ ራሰ።

«ገዳዩ ሁለት ነገር አያውቅም» አለች አጄሌ። «አንደኛ፣ ይህ መሰኪያ ያለ መቀየሪያ ገመድ እንደማይገባ አያውቅም። ኦዳርቴን ካነቀው በኋላ ገመዱን ከአንገቱ አውልቆ ሶኬት ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩን ሊያስነሣ ሲል የሞተ ለማስመሰል መሰኪያውንም በግድ ገፋው። ሴሎርም ይህን አያደርግም። እንደማይገባ ጠዋት በጭቅጭቅ ተምሯል፤ መቀየሪያውን ሊገዛም ሄዷል። ሁለተኛ፣ ገዳዩ ይህን ቋጠሮ መፍታት አያውቅም። መሰኪያውን ለማግኘት አረንጓዴውን ሲባጎ ቆረጠ። ናአ ኮርኮይ ግን በሁለት ጣቷ ስትፈታው አሁን አይታችኋል። የቀረው ሁለቱንም አውቃለሁ የሚለን ሰው ነው።»

«ኢንጂነሩ ግን እነዚያን ሁሉ ማሽኖች…» አለ ኢሳካ።

«አንዱንም አልሠሩም። ሁሉም በኦዳርቴ ቋጠሮ የታሰሩ ናቸው። ያ ሰው እሑድ እሑድ ሲሠራ፣ እኚህ ሰውዬ ሰኞ ሰኞ በስማቸው ይሸጡ ነበር። ባለፈው ሳምንት ኦዳርቴ በቃኝ አለና ሰሌዳ አሠራ። አሥራ ሁለት ማሽን ታዟል፤ የሚሠራው እጅ ግን እንቢ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሴሎርም ‹ይህን የሠራልኝ ማስተር ኦዳርቴ ነው› ሲል ከተማው ሁሉ ይሰማል።»

«ሲባጎ ስለቆረጥኩ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?» ብሎ ጮኸ አዶማኮ። «አሠራሁት እንበል! ማሠራት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ቅድም በፊታችን የቆረጡት ምን ዓይነት ሲባጎ ነበር?»

«ሰማያዊ! ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ ሱቄን ፈትሺ!»

«እውነትዎን ነው።» አጄሌ የሴንጢውን ማጠፊያ በመርፌ ጫር ጫር አደረገች። ወረቀቱ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ክሮች ወደቁ። ቀጥሎም ሁለት አረንጓዴ። «አረንጓዴው ሲባጎ ወደዚህ ሱቅ የገባው ትናንት ጠዋት ነው። ኦዳርቴ ያሰረበትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ስለት ትናንት በምሳ ሰዓት እዚህ ነበር።»

አዶማኮ በሩን አየ። በሩ ላይ ናአ ኮርኮይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የሠፈሩ ሰው ሁሉ። ተንሸራቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ለመንኩት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስከ ቅዳሜ ብቻ ጠብቀኝ፣ አሥራ ሁለቱን ማሽን ጨርስልኝ ብዬ ለመንኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ‹ሠርተፊኬትህ ይሥራልህ› አለኝ።»

ኢሳካ ካቴናውን ከሴሎርም እጅ ፈትቶ ለትክክለኛው ባለቤቱ፣ ለአዶማኮ፣ አጠለቀለት። መተላለፊያው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀሩ። ሴሎርም የእጁን አንጓ እያሻሸ ኮምፒውተሩን አየው።

«እማማ፣ ልውሰድልሽ መሰለኝ» አለ። «ቦታ አልያዝብሽ።»

«የት ትወስደዋለህ? ጨርሰው!» አለች ናአ ኮርኮይ። «ሲያስተምርህ አልነበር? ቅዳሜ ደግሞ በማን ስም እንደምትጫወት ታውቃለህ።»

ሴሎርም የመቀየሪያ ገመዱን ፕላስቲክ ቀደደ። ፓወር ሰፕላዩን ከሶኬቱ ነቀለ፤ ገመዱንም ከፓወር ሰፕላዩ ነቀለ። ከዚያ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። እጁ ከማስተር እንደለመደው ወደ አንገቱ ሊወስደው ጀመረና መሃል ላይ ቀረ። የሚያስቀምጥበት ቦታ ጠፋው። 

ናአ ኮርኮይ ገመዱን ከእጁ ወሰደችና በጥቁሩ ሻሿ ላይ አሳልፋ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

«እኔ እይዝልሃለሁ» አለችው። «ሥራ።»